ቀይ ምንቃር ሁሉ ግሪሳ አይደለም

በዚህ ወር የግድግዳ ጋዜጣችን የሳይንስ ዓምድ ለእኛ ለልምምድ ቡድናችን ተሰጥቷል። በመጀመሪያ ያሰብነው ስለ ሐይቅ ዳር ወፎች ጠቅለል ያለ ትምህርት ለማቅረብ ነበር። ሆኖም በማስተማር ልምምዳችን ወቅት ያጋጠመን ነገር ስላለ፣ ከወፎቹ ሁሉ አንዷን መርጠን፣ እሷን እንዴት ማየትና ከሌሎች እንዴት መለየት እንደሚቻል ለመጻፍ ወስነናል። ወፏ ትንሽ ናት፤ ክብደቷ 10 ግራም አይሞላም። በእሷ ላይ የሠራነው ስሕተት ግን ትንሽ አልነበረም።

1. ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

ባለፈው ጥቅምት ወር አራት ሆነን በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። የተሰጠን 4ኛ ክፍል፣ ትምህርቱ አካባቢ ሳይንስ፣ ርዕሱም «ጠቃሚና ጎጂ እንስሳት» የሚል ነው። ወቅቱ ማሽላው እሸት የያዘበትና ገበሬው ከነልጆቹ ማማ ላይ የወጣበት ስለነበር፣ ስለ ግሪሳ ማስተማር ተገቢ ነው ብለን ተስማማን። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለም።

ጥፋቱ የመጣው ከማስታወሻ ደብተራችን ነው። ግሪሳ በእንግሊዝኛ «ሬድ ቢልድ ክዊሊያ» እንደምትባል ከአንድ መጽሐፍ ገልብጠናል። «ሬድ ቢልድ» ማለት ባለ ቀይ ምንቃር ማለት ነው። እኛም ይህንኑ ይዘን ሰሌዳው ላይ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ብለን ጻፍን፦

«ግሪሳ ማለት ትንሽ፣ ቡናማ፣ ቀይ ምንቃር ያላት ጎጂ ወፍ ናት።»

ልጆቹ ገለበጡ፤ ሦስት ጊዜ በኅብረት አነበቡ። እኛም የዕለቱ ዓላማ ተሳክቷል ብለን በደስታ ወጣን።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ልጅ ወንጭፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። «ቲቸር፣ ግሪሳ ገደልኩ!» አለ። ወረቀቱን ስንፈታው ትንሽ፣ ቡናማ፣ ቀይ ምንቃር ያላት ወፍ ናት። ሰሌዳው ላይ ከጻፍነው አንድም አልጎደላትም። «ጎበዝ!» አልነው። ክፍሉም አጨበጨበለት።

ሊገመግሙን የመጡት መምህራችን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ከደወል በኋላ ወፏን ተቀብለው፣ መዳፋቸው ላይ አጋድመው ክንፏን ገለጥ አደረጉ። ጎኗ ላይ በመርፌ ጫፍ የተነጠቡ የሚመስሉ ጥቃቅን ነጭ ነጥቦች አሉ። ገልበጥ አድርገው ከጅራቷ በላይ ያለውን ላባ አሳዩን፤ ደማቅ ቀይ ነው። ከዚያም «ይህች ግሪሳ ናት ያለው ማነው?» ብለው ጠየቁን። ማንኛችንም አልመለስንም። ያልነው እኛ ነና።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሽማግሌ ጠሩን። በጎጇቸው የሣር ክዳን ሥር የወፍ ጎጆ አለ፤ ውስጡ አራት ጫጩቶች አሉ። አንድ ቀይ ወንዴ ብቻውን ይመላለሳል። «ሁለት ነበሩ እኮ፤ ቡናማዋ ዛሬ የት ቀረች?» አሉን። የት እንደቀረች እኛ እናውቅ ነበር።

ልጁን ለብቻው ጠርተን ነገሩን ስንነግረው አንገቱን ደፍቶ ቆየና፣ «ታዲያ ቲቸር፣ ግሪሳዋን በምን ልለያት?» አለ። ልጁ የነገርነውን በሚገባ ተቀብሎ በሥራ ላይ አውሏል፤ የጎደለው የእኛ ትምህርት ነው። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነው።

2. የወፏ ማንነት

የሞተችው ወፍ በሳይንሳዊ ስሟ ላጎኖስቲክታ ሴኔጋላ ትባላለች። ሊኔየስ የተባለው የስዊድን የተፈጥሮ ሊቅ በ1766 እ.ኤ.አ. ይህን ዝርያ መዝግቦታል፤ «ሴኔጋላ» የሚለውም ከሴኔጋል አገር ስም የተወሰደ ነው። ወፏ ግን የሴኔጋል ብቻ አይደለችም። ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል በብዙ አገሮች ትገኛለች። በእኛም አገር በመንደር፣ በከተማ ግቢና በሐይቅ ዳር የተለመደች ናት። በእንግሊዝኛ «ሬድ ቢልድ ፋየርፊንች» ይሏታል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የእሷም ስም የሚጀምረው «ሬድ ቢልድ» ብሎ ነው! የልምምድ ክፍላችን ልጆች አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያቀላቀሉ ስለሚናገሩ አንዳንዶቹ «ሲምቢሮ ዲማ» አሏት፤ ቀይ ወፍ ማለት ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ቀይዋ ወፍ እያልን እንጠራታለን።

ወንዴው፦ ፊቱ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ቀይ ነው። ክንፉ ቡናማ፣ ጅራቱ ጠቆር ያለ፣ ከጅራቱ በላይ ያለው የጀርባው ክፍል ግን እንደገና ቀይ ነው። ምንቃሩ ቀላ ያለና ቀጠን ያለ ነው። በዓይኑ ዙሪያ ስስ ቢጫ ቀለበት አለችው። በደረቱ ጎን ጥቂት ጥቃቅን ነጭ ነጥቦች ይታያሉ።

ሴቴዋ፦ ከላይ እስከ ታች ቡናማ ናት ማለት ይቻላል። ሆኖም ሁለት ቦታ ላይ ቀይ አላት፤ አንዱ በምንቃሯና በዓይኗ መካከል ያለች ትንሽ ምልክት ስትሆን፣ ሌላው ከጅራቷ በላይ ያለው ላባ ነው። ነጫጭ ነጥቦቹም አሏት።

ወጣቷ ወፍ፦ ከጎጆ በወጣች ሰሞን ምንቃሯ ጥቁር ነው፤ ፊቷ ላይ ቀይ የለም፤ ነጥቦቹም ገና አልወጡም። ከጅራቷ በላይ ያለው ቀይ ግን ከወዲሁ አለ።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ወንዴው፣ ሴቴዋና ወጣቷ በመልካቸው የሦስት ዘር ወፎች ይመስላሉ። ሦስቱንም የሚያገናኘው ምልክት ከጅራት በላይ ያለው ቀይ ላባ ነው። እኛ የጻፍነው ምንቃሩን ነበር፤ መፈለግ የነበረብን ግን ጀርባውን ነው።

3. የት፣ መቼና እንዴት እንፈልጋት?

የሐይቅ ዳርቻ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ከውሃው ተነሥተን ወደ መንደር ስንወጣ መጀመሪያ ፊላና ደንገል፣ ቀጥሎ ረግረጉና ቄጠማው፣ ከዚያ ሣርና ቁጥቋጦው፣ ከዚያ ግራሩና ማሳው፣ በመጨረሻም የሰው ግቢ ይመጣል። እያንዳንዱ እርከን የራሱ ወፎች አሉት። ቀይዋን ወፍ ፊላው መሐል መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የእሷ ቦታ ከሣርና ቁጥቋጦው እስከ ግቢው ያለው ሲሆን፣ በተለይ ባዶ መሬትና ሣር በተቀላቀሉበት፣ መደበቂያ ቁጥቋጦም ቅርብ በሆነበት ሥፍራ ትገኛለች። የአትክልት ማሳ ዳር፣ የጓሮ አጥር ሥር፣ የውሃ ቧንቧ የሚያንጠባጥብበት ቦታ ሁሉ ደህና ነው።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል። ፀሐይን ከጀርባ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ከሆነች ቀዩም ቡናማውም ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከዚያ ዝም ብሎ መቆም ነው። እየተራመደ የሚፈልጋት ሰው የሚያየው ጅራቷን ብቻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል የቆመ ግን ራሷ ወደ እሱ ትመጣለች፤ ሰው የለመደች ወፍ ናትና። በእጅ ስልካችን ፎቶ ለማንሣት ሞክረን ነበር። የወጣልን አፈር ላይ የወደቀች ቀይ ነጥብ ብቻ ነች። ይልቅስ እርሳስና ደብተር ይዞ ያዩትን ወዲያውኑ መጻፍ ይበልጥ ይጠቅማል።

ማሳሰቢያ፦ በዝዋይ ሐይቅ ጉማሬ አለ። በመሆኑም ተማሪዎችን ይዞ ወደ ፊላው ውስጥ መግባት ፈጽሞ አይገባም። ለቀይዋ ወፍ ሲባልም አያስፈልግም፤ እሷ ያለችው ከደረቁ ወገን ነው።

4. አምስቱ ጥያቄዎች

ሁላችንም ወፍ ስናይ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ቀለሟ ምንድን ነው?» ብለን ነው። ቀለም ግን በፀሐይ፣ በዕድሜ፣ በፆታና በወቅት ይለዋወጣል። ከመምህራችን ጋር ሐይቁ ዳር ሦስት ጠዋት ከዋልን በኋላ ጥያቄዎቹን በሚከተለው ቅደም ተከተል አስቀምጠናቸዋል። ቀለም መጨረሻ ላይ መምጣቱን ልብ በሉ።

ሀ) መጠኗ ምን ያህል ነው? ቀይዋ ወፍ ከምንቃር እስከ ጅራት ጫፍ 10 ሣ.ሜ. ያህል ናት። የአንድ አዲስ እርሳስ ግማሽ ማለት ነው። ግሪሳ 12 ሣ.ሜ. ያህል ትሆናለች። ልዩነቱ በርዝመት ትንሽ ቢመስልም ግሪሳ ደንደን ያለች ናት፤ ክብደቷ ከቀይዋ ወፍ እጥፍ ይደርሳል።

ለ) ከማን ጋር ናት? ቀይዋ ወፍ ብዙ ጊዜ የምትታየው ጥንድ ጥንድ ሆና ወይም ከጥቂት ቤተሰቧ ጋር ነው። ግሪሳ በመንጋ ትንቀሳቀሳለች፤ መንጋው ከሩቅ ሲታይ እንደ ጢስ ይጥመለመላል። ብቻዋን ወይም ከባሏ ጋር የምትለቅም ወፍ ባየን ጊዜ ወንጭፍ ከማንሣታችን በፊት ቆም ማለት ይገባል።

ሐ) ምን እየሠራች ነው? ቀይዋ ወፍ መሬት ላይ እየዘለለች የወደቀ የሣር ዘርና ጥቃቅን ፍሬ ትለቅማለች፤ ምስጥም ትበላለች። ግሪሳ ግን የማሽላው ዘለላ ላይ ወጥታ ወተት የያዘውን እሸት ትመጠምጣለች። አንዷ ከመሬት፣ ሌላዋ ከአዝመራው ራስ ላይ ናት ማለት ነው።

መ) የምንቃሯ ቅርፅ ምን ይመስላል? እዚህ ላይ ቅርፅ አልን እንጂ ቀለም አላልንም። የግሪሳ ምንቃር ሥሩ ወፍራም፣ ለመፈልፈል የተሠራ ጠንካራ ነው። የቀይዋ ወፍ ቀጠን ያለ ነው።

ሠ) ቀለሟስ የት የት ቦታ ላይ ነው? «ቀይ ናት» ማለት አይበቃም፤ ቀዩ የት ላይ ነው? የግሪሳ ጀርባ እንደ ድንቢጥ ጠቆር ባሉ መስመሮች የተዥጎረጎረ ሲሆን ከጅራቷ በላይ ቀይ የላትም። የቀይዋ ወፍ ሴቴ ጀርባ መስመር የሌለው ልሙጥ ቡናማ ነው፤ ከጅራቷ በላይ ግን ቀይ ናት።

አምስቱም ተመልሰው እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ ስም መስጠት አይገባም። «ገና አልለየኋትም» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም።

5. የሚያሳስቱ ጎረቤቶች

በሐይቅ ዳር ቀይ የሚታይበት ወፍ ሌላም አለ። ዋና ዋናዎቹን ብቻ እንጠቅሳለን።

የመጀመሪያው ፊላና ረጅም ሣር ላይ የሚኖረው፣ ኤውፕሌክቴስ ፍራንሲስካነስ የሚባለው ወፍ ነው። ወንዴው በክረምትና ክረምቱ እንደወጣ ባለው የመራቢያ ጊዜው እሳት የመሰለ ብርቱካናማ ቀይ ይለብሳል። አናቱና ሆዱ ጥቁር ነው፤ ምንቃሩም ጥቁር ነው። ሸምበቆ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ላባውን ነፍቶ ስለሚታይ አዲስ ተመልካች ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ግን ያ ሁሉ ልብስ ይወልቅና እንደ ሴቶቹ የተዥጎረጎረ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ በጥር ወር «ቀዩ ወፍ ጠፋ፣ ተሰደደ» የሚል ተማሪ ቢያጋጥመን፣ ወፉ እዚያው አለ፤ የለወጠው ልብሱን ነው ብለን ማስረዳት እንችላለን። የእኛዋ ቀይ ወፍ ወንዴ ግን ዓመቱን ሙሉ ቀይ ነው።

ሁለተኛው የቀይዋ ወፍ የቅርብ ዘመድ ላጎኖስቲክታ ሩብሪካታ ነው። እሱም ቀይ ነው፤ ነገር ግን ምንቃሩ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ግራጫ፣ ከጅራቱ በታች ያለው ላባ ደግሞ ጥቁር ነው። ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ይወዳል።

ሦስተኛው ከቀይዋ ወፍ ጋር አብሮ መሬት ላይ ሲለቅም የሚገኘው ሰማያዊ ወፍ ነው። ደረቱና ጅራቱ ውሃ ሰማያዊ ሲሆን ወንዴው ጉንጩ ላይ ቀይ ክብ አለችው። እሱን መለየት ቀላል ነው።

አራተኛው አበባ የሚቀስመው ወፍ ነው። አንዳንዱ ዓይነት ደረቱ ላይ ቀይ አለው። ምንቃሩ ግን ረጅምና እንደ ማጭድ የጎበጠ ስለሆነ ከዘር በል ወፎች ጋር ሊምታታ አይገባም።

በነገራችን ላይ ግሪሳና ፊላው ላይ ያለው ቀይ ወፍ የአንድ ቤተሰብ አባሎች ናቸው፤ ሁለቱም ሣር እየሸመኑ ጎጆ ከሚሠሩት ወገን ናቸው። የእኛዋ ቀይ ወፍ የሌላ ቤተሰብ ናት። ምንቃራቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ዘመድ ያደረግናቸው እኛ ነን።

6. ጆሮም ይሳሳታል

ቀይዋ ወፍ ስትደነግጥ አጭርና ደረቅ ድምፅ ታሰማለች። ዜማዋ ግን ለስለስ ያለ፣ ጥቂት ፉጨቶችን ያቀፈ ነው። ታዲያ ዜማውን ካወቅን በቂ ነው? አይደለም። ምክንያቱ የሚደንቅ ነው።

ቪዱዋ ካሊቢያታ የተባለ ሌላ ትንሽ ወፍ አለ። ወንዴው በመራቢያ ጊዜ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ጥቁር ነው። ይህ ወፍ ጎጆ አይሠራም። ሴቴዋ እንቁላሏን ሄዳ ከቀይዋ ወፍ ጎጆ ውስጥ ትጥላለች። ጫጩቱ ሲፈለፈል የአፉ ውስጥ ነጠብጣብ የቀይዋን ወፍ ጫጩቶች ስለሚመስል አሳዳጊዎቹ ሳይለዩ ያጎርሱታል። እሱም የቤቱን ልጆች አያባርርም፤ አብሯቸው ያድጋል። ወንድ ከሆነ ደግሞ የአሳዳጊ አባቱን ዜማ ይማርና፣ አድጎ ዛፍ ጫፍ ላይ ሲወጣ ያንኑ ይዘፍናል። ስለዚህ የቀይዋን ወፍ ዜማ ሰምተን ቀና ስንል ጥቁር ወፍ ልናይ እንችላለን! ምንቃር ብቻውን እንዳሳሳተን ሁሉ ድምፅም ብቻውን ያሳስታል።

የቀይዋ ወፍ ጎጆ ክብ የሣር ኳስ ይመስላል። በሩ በጎን ነው፤ ውስጡ ላባ ይነጠፍበታል። በሣር ክዳን፣ በግድግዳ ስንጥቅና በቁጥቋጦ ውስጥ ይሠራል። ከ3 እስከ 6 ነጭ እንቁላል ይጣልበታል። ወንዴና ሴቴ እየተፈራረቁ 11 ወይም 12 ቀን ይታቀፋሉ፤ ጫጩቶቹንም ሁለቱም ይመግባሉ። አንዷ ስትሞት ለሌላው የሚቀረው ሥራ ምን ያህል እንደሆነ በዘበኛው ጎጆ አይተናል። ያ ወንዴ ከጠዋት እስከ ማታ ሲመላለስ ሰነበተ። ከአሥር ቀን በኋላ ከአራቱ ጫጩቶች ሁለቱ በረሩ። ሁለቱን ዘበኛው ከጎጆው ሥር ሞተው አገኟቸው።

7. ስለ ግሪሳም እውነቱን እንናገር

ይህን ስንል ግሪሳ አትጎዳም ማለታችን አይደለም። ማማ ላይ ውሎ ድምፁ እስኪዘጋ የጮኸ ገበሬ እንዲህ ያለ ነገር ቢሰማ ይታዘበናል። ግሪሳ በዓለም ካሉት የዱር ወፎች ሁሉ በቁጥር የምትበልጥ ናት ተብላ ትገመታለች። አንዲት ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች። እስቲ ይህን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንሥራው። አንድ ሚሊዮን ወፎች ያሉበት መንጋ በቀን 10,000 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 100 ኩንታል ይጨርሳል። በሚሊዮን የሚቆጠር መንጋ ደግሞ የተለመደ ነው። የቤተሰብ የዓመት ቀለብ በአንድ ጠዋት ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው። ልጁ ወንጭፉን ያነሣው በክፋት አልነበረም። የአባቱ ማሽላ እዚያው ጎን ነው።

ነገር ግን የተሳሳተ መለያ ገበሬውንም አይጠቅምም። አንደኛ፣ ግቢ ውስጥ የሣር ዘር የምትለቅም ጥንድ ወፍ ሲያሳድድ የዋለ ልጅ ዋናው መንጋ ሲመጣ ማማው ላይ የለም። ሁለተኛ፣ «ቀይ ምንቃር» የሚለው መለያ ራሱን ግሪሳንም አያሟላም፤ የግሪሳ ሴቴ በመራቢያ ጊዜዋ ምንቃሯ ወደ ቢጫ ይለወጣልና። ስለዚህ የጻፍነው ዓረፍተ ነገር በሁለት ወገን ጎደሎ ነበር። ግሪሳ ያልሆነችውን አስገባ፤ ግሪሳ የሆነችውን አስወጣ። ሦስተኛ፣ መንጋው ከፍ ሲል ግሪሳ በምታድርበት ቦታ ላይ መርዝ በአውሮፕላን ይረጫል። መርዝ ደግሞ ወፍ አይመርጥም፤ እዚያ ያደረውን ሁሉ ይገድላል። በመሆኑም የትኛዋ ወፍ የት እንደምታድር አስቀድሞ በትክክል ማወቅ ከወንጭፍ እስከ አውሮፕላን ድረስ የሚያስፈልግ ነገር ነው።

8. ስሕተቱን እንዴት አረምነው?

በዚያው ማታ አራታችን ተቀምጠን ተከራከርን። ከመካከላችን አንዱ፣ «ተማሪ ፊት ተሳስተናል ማለት አስተማሪን ያስንቃል፤ በሚቀጥለው ትምህርት ውስጥ ቀስ አድርገን እናስተካክለው» አለ። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡን ሌሎቻችንም ወደነው ነበር። የግምገማው ነጥብም አሳስቦናል። ነገር ግን ከሃምሳ በላይ ልጆች ያንን ዓረፍተ ነገር ደብተራቸው ላይ ይዘው ወደ ማሳ ወርደዋል። ቀስ ብለን እስክናስተካክል ወንጭፉ አይጠብቀንም። መምህራችንን ስንጠይቃቸው «ክፍሉ የእናንተ ነው» ብለው ዝም አሉ።

በማግስቱ ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንደገና ሰሌዳው ላይ ጻፍንና በጠመኔ ሰረዝንበት። «ይህን የጻፍነው እኛ ነን፤ ተሳስተናል። ጓደኛችሁ ያደረገው እኛ ያልነውን ነው» አልን። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «እንሰርዘው ወይስ ገጹን እንቅደደው?» አለች። ሰርዛችሁ ከሥሩ ትክክለኛውን ጻፉ አልናት። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥተን አምስቱን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ሠራን። ማንም አልናቀን። ይልቁንም ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆቹ እኛ የምንለውን ሁሉ «ቲቸር፣ በምን አወቃችሁ?» እያሉ ይጠይቁን ጀመር። ይህ አንዳንዴ ያስቸግራል። ቢሆንም እንዲያስቸግረን ፈቅደናል።

ባለ ወንጭፉ ልጅ በሳምንቱ መጥቶ፣ «ቲቸር፣ ዛሬ ከማማው ሥር ወገባቸው ቀይ የሆኑ ሦስት አየሁ፤ ተውኳቸው። ከዚያ ግሪሳው መጣ፤ እሱን አባረርኩ» አለን። የመጀመሪያው ትምህርታችን በግምገማው ዝቅተኛ ነጥብ አግኝቷል። ይገባዋል።

9. ለማስተማር የሚያገለግል አጭር ዕቅድ

በሐይቅ ዳር ወይም በማንኛውም ሣር ባለበት ግቢ ለአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የሚከተለውን ሞክረን ሠርቶልናል።

• 5 ደቂቃ፦ አምስቱን ጥያቄዎች ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። የወፍ ስም አይነገርም።
• 15 ደቂቃ፦ በአምስት በአምስት ተከፍለው፣ ፀሐይን ከጀርባቸው አድርገው፣ ዝም ብለው ይመለከታሉ። ወንጭፍ ክፍል ውስጥ ይቀራል።
• 10 ደቂቃ፦ እያንዳንዱ ቡድን ያየውን ያነባል። ያላየውን የጻፈ ካለ ጓደኞቹ ያርሙታል።
• 10 ደቂቃ፦ ከዚህ በኋላ ብቻ ስም ይሰጣል። ያልተለየ ካለ «ገና» ተብሎ ይመዘገባል።

ውድ አንባቢያን፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። እህል ከፈሰሰ ይለቀማል። ሰሌዳ ላይ የጻፍነው ቃል ግን ከሃምሳ ደብተር ውስጥ ተመልሶ አይለቀምም፤ ቢለቀምም የሞተችውን ወፍ አያስነሣም። እኛ 12ኛ ክፍል ጨርሰን ወደዚህ ስንመጣ፣ መምህርነት የምናውቀውን መንገር ይመስለን ነበር። አሁን ግን ከመናገራችን በፊት በምን እንዳወቅነው ራሳችንን መጠየቅ የሥራው ግማሽ መሆኑን ተረድተናል። በሚቀጥለው ወር ለልምምድ የምትወጡ ጓደኞቻችን የእኛን ስሕተት ሳትደግሙ እንድትመለሱ ምኞታችን ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. «ግሪሳ ማለት ትንሽ፣ ቡናማ፣ ቀይ ምንቃር ያላት ጎጂ ወፍ ናት» የሚለው ትርጉም በምን በምን ጎድሏል? አምስቱን ጥያቄዎች ተጠቅማችሁ አሻሽላችሁ ጻፉት።
2. በተቋማችን ግቢ ለሦስት ጠዋት ሩብ ሩብ ሰዓት ቆማችሁ ተመልከቱ። ቀይዋን ወፍ ካያችሁ ቦታውን፣ ሰዓቱንና ከማን ጋር እንደነበረች መዝግባችሁ ከዚህ ጋዜጣ ሥር በተሰቀለው ወረቀት ላይ ጻፉ።
3. ከየደብተራችሁ ለማስተማር ያዘጋጃችሁትን አንድ ትርጉም ምረጡ። ትርጉሙ የማይገባውን ያስገባል? የሚገባውንስ ያስወጣል? ከቡድናችሁ ጋር ተወያዩበት።